ትናንት ያለፈው ቴስት ዛሬ ለምን ወደቀ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር በተገናኘን ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ቴስቱ ትናንት ማታ አልፎ ነበር። ኮዱን ማንም አልነካውም። ዛሬ ጠዋት ወደቀ፤ ደግሜ ሳስኬደው ደግሞ አለፈ። ምን ይሻለኛል?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «ተወው፣ አንዳንዴ እንደዚያ ያደርገዋል» የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። አልፎ አልፎ የሚወድቅ ቴስት አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። የሚነግረንም ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ሆኖ ድረ ገጻችንን ለመጠቀም ስለሚታገል ሰው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ኮድ የማይጽፍ ግን ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰውም እንዲከተለኝ ከመነሻው ልጀምር።

የጅሩ አድላቢዎች ለገናና ለፋሲካ የሚያወጡትን ሰንጋ የሚያስመዘግቡበት፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደግሞ ገብቶ የሚመርጥበት ድረ ገጽ አለ እንበል። አድላቢው ስሙን፣ ወረዳውንና የሰንጋውን ዋጋ ይሞላል፤ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ «ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ይመጣለታል። ኮዱ በተቀየረ ቁጥር ይህን ሁሉ በእጅ እየጫኑ መፈተሽ ያሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ይዘላል። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም እንጽፋለን። ብራውዘሩን ራሱ ይከፍታል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ «ተመዝግቧል» የሚለው መምጣቱን ያያል። ከመጣ ቴስቱ አለፈ፣ ካልመጣ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ሴሌኒየም፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሳይፕረስ፣ ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት ሁሉም ለዚህ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው።

ቴስት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የሰንጋውን ዋጋና የአገልግሎት ክፍያውን የሚደምረውን አንድ ትንሽ ፋንክሽን ብቻ የሚፈትሽ ቴስት በሚሊሰከንድ ያልቃል፤ ሲወድቅም የት እንደወደቀ ግልጽ ነው። ብራውዘር ከፍቶ ከመግቢያ እስከ ምዝገባ የሚሄደው ግን ብራውዘሩን፣ ኔትወርኩን፣ ሰርቨሩን፣ ዳታቤዙንና የኮምፒውተሩን ሰዓት በአንድ ጊዜ ይነካል። ከእነዚህ አንዱ ካነከሰ ቴስቱ ይወድቃል። እዚህ የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ከመነካካት በፊት ማንበብ

ቴስት ሲወድቅ ጥፋቱ ወይ የድረ ገጹ ነው፣ ወይ የቴስቱ ነው፣ ወይ ቴስቱ የሚሮጥበት ቦታ ነው። ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ሳይለዩ ኮድ መነካካት ቀን ይበላል። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመውደቅ ምልክት የሆነውን ቀዩን ቀለም ሲያዩ እጃቸው ወዲያው ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል።

ሪፖርቱን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። 40 ቴስት ወደቀ ማለት 40 ችግር አለ ማለት አይደለም። ሎግኢን ካልሠራ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይረግፋል። መጀመሪያ የወደቀውን ያዙ፣ ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

ቀጥሎ የስህተቱን መልእክት በጥሞና ማየት ነው። ዌብድራይቨር የሚባለው ብራውዘርን የማዘዣ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው በደብሊው3ሲ ደረጃ ሆኖ ስለጸደቀ ሴሌኒየም የሚሰጣችሁ የስህተት ዓይነቶች በክሮምም በፋየርፎክስም አንድ ናቸው። አንዴ ከተማራችኋቸው ለሁልጊዜ ያገለግላሉ። «ኤለመንቱ አልተገኘም» ሲል ቴስቱ የፈለገው ቁልፍ ወይም ጽሑፍ በዚያች ቅጽበት ገጹ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቴስቱ ሎግኢን ሳያደርግ ቀርቶ መግቢያው ገጽ ላይ ቆሞ ይሆናል። የመጨረሻውን ስክሪንሾቱን ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል። «ኤለመንቱ አርጅቷል» ሲል ደግሞ ቴስቱ ቁልፉን አግኝቶ ሳለ ገጹ ራሱን አድሶ ቁልፉን በአዲስ ተክቶታል፤ በቴስቱ እጅ ያለው የድሮው ነው። «ክሊኩን ሌላ ነገር ያዘው» ካለ ቁልፉ ላይ የተደረበ ነገር አለ፤ «በመጫን ላይ» የሚለው ሽፋን ወይም ከታች ብቅ የሚል ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ፕሮግራመር ብራውዘር ውስጥ በሚሠራው በጃቫስክሪፕት ኮድ አስገድዶ ክሊክ ያስደርጋል። ቴስቱ ያልፋል፤ ሰው ግን ያንን ቁልፍ መጫን አይችልም። እንዲህ ያለ ቴስት ከሚኖር ባይኖር ይሻላል።

«ጊዜው አልቋል» የሚለው ከሁሉም ያነሰ የሚናገር መልእክት ነው። ምን ሲጠበቅ እንዳለቀ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ፕሌይራይት ትሬስ የሚባል ቅጂ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ገጹ ምን ይመስል እንደነበር፣ ብራውዘሩ ሰርቨሩን ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት፣ ኮንሶሉ (የብራውዘሩ የስህተት መዝገብ) ላይ ምን ስህተት እንደተጻፈ በአንድ ቦታ ያሳያል። ቴስቱ ሲወድቅ ብቻ እንዲቀመጥ ማዘዝም ይቻላል። ሴሌኒየም የምትጠቀሙ ደግሞ ቢያንስ ስክሪንሾቱን፣ የገጹን ምንጭ ኮድና የኮንሶሉን ሎግ በወደቀበት ቅጽበት አስቀምጡ። የሰርቨሩ መልስ 500 ከሆነ ችግሩ ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ ቴስቱን መነካካት አያስፈልግም። 401 ከሆነ የመግቢያ ፈቃዱ የለም ወይም ጊዜው አልፏል። ሰርቨሩ በትክክል መልሶ ገጹ ላይ ምንም ካልታየ ብራውዘሩ ውስጥ ያለውን ኮድ መርምሩ። ይህን ያህል ለመለየት አንድም መስመር ኮድ መቀየር አያስፈልግም።

ቁልፉ ታየ፣ ግን ዝግጁ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አፓቺ በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት 51 ፕሮጀክቶች ውስጥ አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁ ቴስቶችን ለማስተካከል የተደረጉ 201 የኮድ ለውጦችን መርምረው ነበር። መንስኤያቸው ከተለየው ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ በመጠበቅ ጉዳይ የመጡ ናቸው፤ ቴስቱ አንድ ነገር አዝዞ ውጤቱ እስኪደርስ በአግባቡ አልጠበቀም። ስለዚህ ሌላ ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን ጠርጥሩ።

የሰንጋውን ገጽ ቀረብ ብለን እንየው። ሰርቨሩ ቅጹን አዘጋጅቶ ይልካል፤ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ስልኩ ላይ ወዲያው ይታያል። ቁልፉ ሲጫን ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው የጃቫስክሪፕት ፋይል ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ፣ በፈጣን መስመር፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዐይን አይለየውም። ቴስት ደግሞ ከሰው ይፈጥናል፤ ቁልፉ ገና እንደታየ ይጫነዋል። ፋይሉ ደርሶ ከሆነ ሰንጋው ይመዘገባል። ካልደረሰ መጫኑ መና ይቀራል፤ ቴስቱም «ተመዝግቧል» የሚለውን ሲጠብቅ ጊዜው ያልቅበታል። ፕሌይራይት ከመጫኑ በፊት ቁልፉ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ አለመቆለፉን፣ በሌላ ነገር አለመሸፈኑን ያጣራል። ከቁልፉ ጀርባ ያለው ኮድ መድረስ አለመድረሱን ግን ማወቅ አይችልም።

እዚህ ሲደርስ ፕሮግራመሩ «ከመጫንህ በፊት 3 ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ይጨምራል። ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል። አሁን እነዋሪ ገበያ ላይ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ሳለ ሰንጋውን ሊያስመዘግብ የሚሞክረውን አድላቢ አስቡት። ቁልፉ ይታየዋል፣ ይጫነዋል፣ ምንም የለም። ደግሞ ይጫነዋል፣ ምንም የለም። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ደላላ ፍለጋ ይሄዳል። ቴስቱ የወደቀው የዚህን ሰው ችግር አስቀድሞ ስላገኘው ነበር፤ 3 ሰከንዷ የሸፈነችው እሱኑ ነው።

ትክክለኛው ጥገና ድረ ገጹ ላይ ነው። ፋይሉ ደርሶ ዝግጁ እስኪሆን ቁልፉ ተቆልፎ ይቆይ፤ ሰውየውም ገና እየመጣ መሆኑን ይይ። እንዲህ ሲሆን ፕሌይራይትም ቁልፉ እስኪከፈት ራሱ ይጠብቃል፤ ቴስቱ ላይ አንድ ቃል መጨመር አያስፈልግም። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ቅጽ የራሱ መለያ ይኑረው፤ ሰው ተጣድፎ ሁለት ጊዜ ቢጫን አንድ ሰንጋ ሁለት ሆኖ አይመዘገብም። ቴስቱም ከመጫኑ በኋላ ሰከንድ መቁጠሩን ትቶ አንድ የታወቀ ነገር ይጠብቅ፤ መልእክቱ እስኪታይ፣ ወይም ሰርቨሩ እስኪመልስ።

የሰከንድ ነገር ከተነሳ ዋጋውንም አስሉት። በ300 ቴስቶች ላይ 3 ሰከንድ ብትጨምሩ 15 ደቂቃ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ለውጥ። ሰርቨሩ በተጨናነቀ ቀን ደግሞ 3 ሰከንዱም አይበቃም፤ 5 ይሆናል፣ ከዚያ 10።

«እኔ ጋ እኮ ያልፋል» ለሚል ሰው የእኔ ምክር ማሽኑን እንዲያደክመው ነው። ክሮም ውስጥ ባለው የገንቢዎች መሣሪያ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ ፍጥነት ማውረድ፣ ፕሮሰሰሩንም 4 ወይም 6 እጥፍ ማዘግየት ይቻላል። በዚህ ሁኔታ የተደበቀው ውድቀት ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ይህን መሞከር ያለበት ቴስት የወደቀበት ሰው ብቻም አይደለም። ከከተማ ወጣ ብሎ ላለ ተጠቃሚ የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ የሠራውን ገጽ በዚያ ፍጥነት አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል።

ሌሊት የሚወድቅና በጳጉሜን የሚወድቅ

ይህን ችግር ከውጭ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ እኛን በሚመለከት መልኩ አታገኙትም፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የኢትዮጵያ ሰዓት ዩቲሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል። ሰርቨሮች ደግሞ በአብዛኛው በዩቲሲ ይሠራሉ። ስለዚህ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የእኛ ኮምፒውተር ቀኑን ቀይሯል፤ የሰርቨሩ ግን ገና ትናንት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የተመዘገበ ሰንጋ ሰርቨሩ ላይ የትናንት ቀን ይጻፍበታል። ብራውዘሩ ደግሞ «የዛሬ ምዝገባዎችን አሳየኝ» ሲል በራሱ ቀን ይጠይቃል። ቴስቱ አሁን ያስመዘገበውን ሰንጋ ያጣዋል፤ ይወድቃል። ጠዋት ሥራ ሲገባ ያልፋል። ሥራ በሌለበት ይሩጥ ተብሎ ሌሊት የተቀጠረ ቴስት የሚወድቀው እንዲህ ነው። ሎግ ስታነቡም ይህን ልብ በሉ፤ በዩቲሲ 21:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቡድናችሁ ሁሉንም ሎግ በዩቲሲ ይጻፍ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ ሰዓት ይቀየር።

ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች። ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ቅጽ ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር ይሠራል፤ ቴስቱም «የዛሬን ቀን» ስለሚጠቀም ዓመቱን ሙሉ ያልፋል። ጳጉሜን 1 ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ጋር ያያያዘ ኮድም አለ፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስህተት በ4 ዓመት አንዴ ብቅ ስለሚል፣ የጻፈው ሰው ሥራ ቀይሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቴስቱ በዛሬው ቀን ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። ፕሌይራይት የብራውዘሩን ሰዓት በፈለጋችሁት ቀን ላይ የሚያቆም መሣሪያ አለው። ያ ግን የብራውዘሩን እንጂ የሰርቨሩን ሰዓት አያቆምም፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሁለት የማይገናኙ ሰዓቶች ይዞ ግራ ይጋባል። ሰርቨሩም ቀኑን ከውጭ ሊሰጠው በሚችል መንገድ መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ተራ ቀን፣ አንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን እና መስከረም 1ን ለይታችሁ ፈትሹ። እነዚህ አምስቱ ቢያዙ የቀን ስህተት አብዛኛው ይያዛል ብዬ አምናለሁ።

ዐይን የማይለየው ፊደል

ቴስቱ «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ጽሑፍ ፈልግ ተብሏል። ገጹ ላይ «ደብረ ብርሀን» ተብሎ ተጽፏል። ሁለታችንም ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሃ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ቁጥራቸው 1200 እና 1203 ነው። ሪፖርቱ «አልተገኘም» ይላል፣ ስክሪንሾቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፕሮግራመሩ ዐይኑን ማመን ያቅተዋል። ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ጸና ፀ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። እንዲህ ሲገጥማችሁ በዐይን ማወዳደሩን ትታችሁ ሁለቱን ጽሑፎች ወደ ዩኒኮድ ቁጥር አውጥታችሁ አስተያዩ።

ገጹ ላይ የሚወጡትን ቃላት ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጣችሁ ድረ ገጹም ቴስቱም ከዚያው ቢያነቡ ይህ ችግር ከሥሩ ይነቀላል። የሰው ስምና የቦታ ስም ፍለጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፀሐይ የምትባለውን ሴት «ጸሀይ» ብሎ የፈለጋት ሰው ካላገኛት፣ የተሳሳተው ፈላጊው ሳይሆን ድረ ገጹ ነው። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልሶ የሚፈልግ ኮድ ይጻፍ፤ ቴስቱም ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክር።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ደብረ ብርሃን» 7 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 22 ባይት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 12 ባይት ብቻ ነው። የወረዳውን ስም በ20 ባይት የወሰነ ዳታቤዝ የላቲኑን ይቀበላል፣ የአማርኛውን ይመልሳል። ቴስቱ የተጻፈው በላቲን ስም ከሆነ ሁልጊዜ ያልፋል፤ የመጀመሪያው እውነተኛ ተጠቃሚ ግን ይወድቃል። ስለዚህ የቴስት መረጃችሁን በአማርኛ ጻፉት፤ ረጅም ስምም ይኑርበት፤ «ምንጃር ሸንኮራ»ን አስገቡበት።

ቴስቶቹ የሚሮጡበት ሰርቨር ላይ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ከሌለ ስክሪንሾቱ በባዶ ሳጥኖች ይሞላል፤ ምስል ከምስል የሚያነጻጽሩ ቴስቶችም ሁሉ ይወድቃሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት መጫን በቂ ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ ቴስት ለቴስት ሲጠላለፍ

አንድ ቴስት ሰንጋ ያስመዘግባል፤ ቀጣዩ ያንኑ ሰንጋ ይሸጣል። በቅደም ተከተል ሲሄዱ ሁለቱም ያልፋሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብላችሁ ጎን ለጎን ስታስሮጧቸው ሁለተኛው ገና ያልተመዘገበ ሰንጋ ሊሸጥ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቴስት የሚያስፈልገውን ራሱ ያዘጋጅ፤ ከሌላው የሚወርስ አይሁን። የወደቀው ቴስት ለብቻው ሲሮጥ የሚያልፍ ከሆነ የሚያበላሽበት ከፊቱ ያለ ሌላ ቴስት አለ። ከፊቱ 200 ቢኖሩ አንድ በአንድ መሞከር አያስፈልግም፤ ግማሹን ብቻ ከእሱ ጋር አስሩጡ፣ ከወደቀ ጥፋተኛው እዚያ ውስጥ ነው፣ ካለፈ በሌላው ግማሽ ነው። እንዲህ እየከፈላችሁ ከ8 ሙከራ ባልበለጠ ትደርሱበታላችሁ። ችግሩ የጀመረው በየትኛው የኮድ ለውጥ እንደሆነ ለማወቅም ይኸው መንገድ ይሠራል፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ለዚሁ የተዘጋጀ ባይሴክት የሚባል ትዕዛዝ አለው።

ብዙዎች ቴስቱ ሲያልቅ ያስገባውን መረጃ እንዲያጠፋ ያደርጋሉ። ደግ ልማድ ይመስላል፣ እኔ ግን ለእኛ ሁኔታ አይመቸኝም። ቴስቱ መሐል ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ጽዳቱ አይደረግም፤ ሰንጋው ዳታቤዙ ውስጥ ይቀራል፤ መብራት ሲመጣ ቴስቱ «ይህ ሰንጋ ቀድሞ ተመዝግቧል» ተብሎ ይወድቃል። ጽዳቱ ከቴስቱ በፊት ይሁን። ያኔ ከበፊቱ የቀረ ነገር ቢኖርም ይጠረጋል፤ ቴስቱ ከወደቀም መረጃው ለምርመራ እዚያው ይቆያችኋል። ከዚያም የተሻለው ለእያንዳንዱ ሩጫ የማይደገም ስም መስጠት ነው።

የብራውዘር ዕድሜንም አስታውሱ። ክሮም ራሱን ያድሳል፤ ሴሌኒየም የሚያዝዝበት ድራይቨር ግን በድሮው ይቀራል፤ በማግስቱ አንድም ቴስት አይነሳም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከሴሌኒየም 4.6 ጀምሮ፣ የሚስማማውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያወርዳል። ለማውረድ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ መስመሩ የማይታመን ከሆነ የብራውዘሩንም የድራይቨሩንም ቁጥር ቆልፋችሁ ቅጂውን ማሽኑ ላይ አኑሩ። የክፍያ፣ የካርታና የአጭር መልእክት አገልግሎት የመሳሰሉ የሌላ ድርጅት ሰርቨሮችን ደግሞ በየዕለቱ ቴስት ውስጥ አትጥሩ፤ በእናንተ እጅ ባለ አስመሳይ መልስ ተኩና ከእውነተኛው ጋር የሚገናኝ ጥቂት ቴስት ለብቻው አስቀሩ።

ደጋግሞ ስለ ማስኬድ

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ እንዳደረገው ከቴስት ሩጫዎቹ 1.5 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ የማይጨበጥ ውጤት ያሳያሉ፤ ከቴስቶቹ ደግሞ 16 በመቶ ገደማው ይህ ጠባይ በተወሰነ ደረጃ አለባቸው። ከማለፍ ወደ መውደቅ ከተቀየሩት ውስጥ ደግሞ 84 በመቶው የማይጨበጥ ቴስት የተነካካባቸው ነበሩ። ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት ከዚህ ካላመለጠ እኛም አናመልጥም፤ ስለዚህ ዜሮ እንዲሆን አልጠብቅም። የምጠብቀው ግን አንዱም ሳይመዘገብ እንዳይታለፍ ነው። ላለፈው ላገደመው ሁሉ የሚጮህ ውሻ ሌባ የመጣ ቀን የሚነሳለት የለም፤ በየቀኑ ያለ ምክንያት የሚቀላ ቴስትም መጨረሻው እንዲሁ ነው፤ እውነተኛው ስህተት ሲመጣም «ያው የለመድነው ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ቴስቱ ሲወድቅ መሣሪያው ራሱ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያስኬደው ማድረግ ነውር የለውም፤ በሁለተኛው ያለፈው ግን «አለፈ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። ፕሌይራይት እንዲህ ያሉትን በሪፖርቱ ለይቶ ያሳያቸዋል። በየሳምንቱ ያንን ዝርዝር የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ሥራ የሚያስቆም ቴስት ለጊዜው ከዋናው ሩጫ ሊወጣ ይችላል፤ ሲወጣ ግን የሚጠግነው ሰው ስምና ቀን ይጻፍበት። ባለቤት የሌለው ቴስት አይመለስም።

በመጨረሻ፣ ጠገንኩት ብሎ ማወጅ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ከ10 ሩጫ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ምንም ሳይጠገን 10 ጊዜ በተከታታይ የማለፍ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። 10 ጊዜ አለፈ ማለት እንግዲህ ምንም አያረጋግጥም። 50 ጊዜ በተከታታይ ያለ ጥገና የማለፍ ዕድሉ ግን ከ1 በመቶ በታች፣ ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ 50 ጊዜ አስኬዱት፤ በፈጣኑ መስመር ሳይሆን ኔትወርኩን ዝቅ፣ ፕሮሰሰሩን ዘግየት አድርጋችሁ። ከማስተካከላችሁ በፊትም በዚሁ ሁኔታ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ቆጥራችሁ ያዙ፤ ለውጡን ወደ ጊት ስታስገቡ ሁለቱን ቁጥሮችና ያገኛችሁትን መንስኤ መልእክቱ ውስጥ ጻፏቸው።